ሚስተር ባንክሮፍት ሰላም ያላሏቸው ሴቶች

ክቡራትና ክቡራን፤

የተከበሩ ሥራ አስኪያጃችን ሚስ ቬሮና፤ የተከበሩ ሐኪማችን ዶክተር ሊንዶ፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሚስ ፓንሲ፤ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እንዲሁም «ለአንድ አፍታ ብቅ ብዬ ነው» ብላችሁ ሁለተኛ ሳህን የያዛችሁ እንግዶቻችን በሙሉ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ፍየሏን ላረዱ፣ ካሪ ወጡን ለሠሩ፣ እነዚህንም ወንበሮች ከቤተ ክርስቲያን ተሸክመው መንገድ ላሻገሩ እጆች ምስጋናዬ ይድረስ። ፓስተሩ ወንበር ያበድሩናል ብሎ ማን ያስብ ነበር? እኔ የመጣሁ ሰሞን እንኳን ወንበር፣ የዛፋቸውን ጥላ አያበድሩንም ነበር።

ሚስ ቬሮና «የስንብት ንግግርሽን አሳጥሪው» ብለውኛል። እኔም እሺ ብያለሁ። እሺ ያልኩት ግን ሩዙ ከመድረሱ በፊት ነው። አሁን ሁላችሁም ጠግባችኋል፤ የጠገበ ሰው ደግሞ ሮጦ አያመልጥም።

የምነግራችሁ የአንድ ሰው ታሪክ አለ። ባለታሪኳን አስፈቅጃለሁ። የመዘምራኑ መሪ እህት ኧርሚን ታሎክ ይኸው ከፊት ረድፍ፣ የፍየሏን ጎድን ይዘው ተቀምጠዋል። ትናንት ሄጄ «ልናገረው ወይ?» ብላቸው፣ «ተናገሪው፤ እኔ ከጀመርኩት ፍየሏም ትበርዳለች» አሉኝ።

እንግዲህ ከሥሩ ልጀምር።

ወደዚህ ቅጠል ቤት የመጣሁት የፋርማሲ ዲግሪዬ ቀለሙ ሳይደርቅ ነው። ከሚስ ፓንሲ ዘመዶች መካከል ምን እንደምንሸጥ አሁንም ያልገባቸው ስላሉ በግልጽ ልናገር፤ በመንግሥት ፈቃድ፣ በሐኪም ምክር፣ ጥራቱ ተመርምሮ መጠኑ የታወቀ የሕክምና ጋንጃ እንሸጣለን። የለም፣ አክስቴ፣ ናሙና አናቀምስም።

የመጀመሪያ ቀን ጠዋት ያገኘሁት ሰው ጥበቃችን ሚስተር ባንክሮፍት ነበሩ። ቁመታቸውን ታዩታላችሁ። ድምፃቸውንም ታውቁታላችሁ፤ የማያውቀው ዋና ከተማው ኪንግስተን ያለ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ነፋስ ወደዚያ ሲነፍስ ይሰማዋል ይባላል። እግሬ ገና ደረጃውን ሳይረግጥ፣ «እንደምን አደሩ፣ ሚስ ካዲሻ ብሮምፊልድ! ከኪንግስተን የመጡት ፋርማሲስት እርስዎ ነዎት? እናትዎ ደህና ናቸው? ማረፊያስ አገኙ?» አሉ።

የከተማችን የክርስቲያና ገበያ ሚዛኑን አቁሞ ዞረ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቤት የሚያከራዩ ሴትዮ ቁልፍ ይዘው መጡ። ከሳቸው ኋላ ደግሞ ሌላ ሴትዮ፣ ልጃቸው ሚስት እንደሌለው ሊነግሩኝ ብቻ፣ ከነልጁ መጡ።

እኔ ደስ አለኝ። ለምን አይለኝም? እዚህ አገር ሰላም ሳይል የሚገባ ሰው እንደ ሌባ ነው የሚታየው። ሚስተር ባንክሮፍት ደግሞ የገባውን ሁሉ በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በቤተሰቡ ጤና ነው የሚቀበሉት። «እንደምን አደሩ ሚስተር ክላሪ፣ ወገብዎ ተሻለው? አህያይቱስ?» ይላሉ። ሚስተር ክላሪም ስለ ወገቡና ስለ አህያዋ ለመላው ጎዳና መልስ ይሰጣል።

ቤታችን ይሞላ ነበር። በወንዶች። ወገቤን የሚል ወንድ፣ ጉልበቴን የሚል ወንድ፣ ከሚስቴ ማንኮራፋት የተነሳ እንቅልፍ አጣሁ የሚል ወንድ። ሴቶችስ የት ነበሩ? የዚህ አገር ሴት አትታመምም? ወሩ በመጣ ቁጥር ወለል ላይ የምትንከባለል ልጅ የለችም? ሌሊቱን ሙሉ በላብ የምትታጠብ እናት የለችም?

እኔና ሚስ ቬሮና ሴቶቹ ስለ መብታቸው አልሰሙ ይሆናል ብለን ተማከርን። እሳቸው ድምፅ ማጉያ ተከራዩ፤ እኔ ገበያው መሐል፣ የድንች ጆንያ ላይ ቆሜ፣ «እህቶቼ፣ የማህፀን ሕመም ያለባችሁ፣ በዚያ በአረንጓዴው በር ግቡ» እያልኩ ጮኽኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በበራችን በኩል ያልፉ የነበሩት ሴቶች እንኳን መንገድ መሻገር ጀመሩ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ደግሞ አልጋ ሥር ያለው ጠርሙስ አለ። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል አልጋው ሥር ጠርሙስ የሌለው እጁን ያውጣ።

አዩ ሚስ ቬሮና፣ አንድም እጅ የለም።

ነጭ ረም በሚባለው አረቄ ውስጥ የተዘፈዘፈ ጋንጃ፣ ለጉልበት፣ ለትከሻ፣ ለሕፃን ሳል ደረት ላይ። ማንም ጋንጃ ብሎ አይጠራውም፤ «ማሻው» ነው ስሙ። ማጨሱ ነውር፣ መጠጣቱ ኃጢአት፤ መታሸቱ ግን አያት ያወረሱት ነው። እሑድ ጠዋት፣ ሁሉም ለጸሎት ሲንበረከክና ጉልበት ሁሉ ሲሞቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ አየር ራሱ ይመሰክራል። ፓስተሩ «ጋንጃ የዲያብሎስ ገለባ ነው» ብለው ሲሰብኩ ከሳቸው ትከሻ የሚመጣውን ሽታ የፊት ረድፍ ያውቀዋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የእኛ ሴቶች ግን በሽታቸውን መች ደበቁ? በሽታቸውንማ መንደሩ በሙሉ ያውቀዋል፤ ሾርባ ይዞ የሚመጣው እኮ ሰምቶ ነው። የሚደብቁት መድኃኒቱን ነው።

የሚደበቅ ነገር ባለበት ደግሞ ዶልፊ አለ።

ዶልፊን የማታውቁ ካላችሁ ሞተር ሳይክሉን ታውቁታላችሁ። ዶልፊ በፊት በር አይመጣም። በጓሮ፣ በሙዙ ተክል በኩል፣ ልብስ በሚሰጣበት ሰዓት ይመጣል። ስም አይጠራም። ስለ እናት ጤና አይጠይቅም። ያፏጫል፣ የሳል ሽሮፕ ብልቃጥ ያቀብላል፣ ይሄዳል። ዶልፊ የደንበኛ አያያዝ ሥልጠና ይስጠን ብዬ ለሚስ ቬሮና ማመልከቻ ላስገባ ነበር።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው የጋንጃ ዘይት ነው ይላል። ደም ግፊት ያወርዳል፣ ስኳር ያጠፋል፣ የጠፋ ባል ይመልሳል፣ የመጣውን ባል ደግሞ ጠባዩን ያስተካክላል። የተረፈውን ቲማቲም ላይ ብትረጪው ትል አይደርስበትም ይላል። ይሄ የመጨረሻው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እህት ኧርሚን ጡታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶባቸው ሕክምና የጀመሩት በዚያን ጊዜ ነው። ሆስፒታል እየሄዱ መርፌውን በደም ሥር ይወስዳሉ፤ ሲመለሱ ለቀናት ውኃ እንኳን አይረጋላቸውም። የመዘምራኑ እህቶች ሾርባ በተራ ያመላልሳሉ፤ እሳቸው ደግሞ ሽታው ገና ከአጥሩ ሳያልፍ ባልዲ ይፈልጋሉ። ከሱ፣ መነመኑ። የመዘምራን ካባቸው ምስማር ላይ የተሰቀለ መሰለ። የሆስፒታሉ ሐኪምም በግልጽ ነገራቸው፤ ሰውነትዎ እንዲህ መውረዱን ከቀጠለ መርፌውን አይችለውም፣ እናቋርጠዋለን አላቸው።

ነገሩ ይሄ ነበር፣ ክቡራትና ክቡራን። መብላት አለባቸው፤ ካልበሉ ሕክምናው ይቆማል።

እኛ ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ነን። ለማቅለሽለሽ ሊረዳ የሚችል፣ የተመረመረ ዘይት መደርደሪያችን ላይ አለ። እህት ኧርሚን ግን ፉጨት ጠበቁ።

የዶልፊ የመጀመሪያው ብልቃጥ ምንም አላደረገላቸውም። ትንሽ ቀመሱ፣ ጨመሩ፣ በመጨረሻ ሁለት ማንኪያ ሞልተው መጠጣት ጀመሩ። ብልቃጡ ከማለቁ በፊት ዶልፊ ሌላ አመጣላቸው። ከዚህኛውም፣ እንደ ልማዳቸው፣ ሁለት ማንኪያ። ረቡዕ ከሰዓት ነበር፣ የመዘምራን ልምምድ ቀን።

የሆነውን የነገሩኝ ዲያቆን ፊትዝሮይ ናቸው። እህት ኧርሚን እጃቸውን አንሥተው መዝሙሩን ጀመሩ። ቀስ አለ። ከዚያ የበለጠ ቀስ አለ። መዘምራኑ ተግሣጽ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ መሪያቸውን ተከተሉ። አንዲቱ «አሜን» እንዲህ ተጎተተች፣ ከመሐሉ ሁለት ሰው ወጥቶ ውኃ ጠጥቶ ሲመለስ ገና «አ» ላይ ነበሩ ይላሉ። ከዚያ እህት ኧርሚን ቆሙና ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ማራገቢያውን አመሰገኑት። ቀጥለውም ወደ ዲያቆን ፊትዝሮይ ዞረው፣ «ፊትዝሮይ፣ አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ ዜማውን አግኝተኸው አታውቅም፤ እኛም እየወደድንህ ዝም ብለናል» አሏቸው።

ዲያቆኑ ስለዚህ ጉዳይ እስካሁን እያሰቡበት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ስቀናል፤ እህት ኧርሚንም ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ ግን ወደቁ፤ ግንባራቸው የኦርጋኑን ጠርዝ መታው። ዶክተር ሊንዶ የምሳ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ እንዳሠሩ መንገዱን ሮጠው ተሻገሩ። የእህት ኧርሚን ትንፋሽ ተዳክሞ ነበር። በሚስ ቬሮና መኪና ሆስፒታል ወሰድናቸው።

እዚያ ነው ሌላው ነገር የተሰማው። ያለፈውን መርፌ አልወሰዱም። ቀጠሯቸውን አልፈውታል። ዶልፊ፣ «ይሄ ዘይት ሥሩን ይነቅለዋል፤ እያዳከመሽ ያለው መርፌው ነው፣ ተይው» ብሏቸው ትተውታል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ፈልጌ ነበር፣ አላገኘሁም።

ሁለቱንም ብልቃጦች ወደ ምርመራ ቤት ላክናቸው። ዘይቱ ዶልፊ ከሚቀዳበት ጀሪካን ውስጥ ዘቅጦ ኖሮ፣ ከአናቱ የተቀዳው የመጀመሪያው ለወፍ እንኳን አይበቃም፤ ከግርጌው የተቀዳው ሁለተኛው ፈረስ ይጥላል። ሁለት ማንኪያ ከላይና ሁለት ማንኪያ ከታች አንድ ነገር አይደለም። ቅጠሉን ለመጭመቅ የተጠቀመበት ደግሞ ቀለም ማቅጠኛ ነው፤ ርዝራዡ እዚያው ቀርቷል። የቲማቲሙ ትል ነገር አሁን ገባችሁ? የቀረው የምግብ ዘይት ነው፤ እሱም ዓሣ ተጠብሶበታል።

ሲሻላቸው ሆስፒታል ሄጄ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ግንባራቸው ተጠቅልሎ እንኳን አልጋው ላይ እንደ መዘምራን መሪ ነው የተኙት።

«እህት ኧርሚን፣» አልኳቸው፣ «ፊት ለፊትዎ እኮ ነን። መንገዱን መሻገር ብቻ ነበር። ለምን አልመጡም?»

«ልጄ፣ መንገዱን መሻገር መች አቃተኝ። ባንክሮፍትን መሻገር ነው ያቃተኝ።»

ወንበሬን ወደ አልጋቸው አስጠጋሁ።

«አንድ ቀን ወስኜ እስከ ደረጃችሁ መጥቻለሁ። ያ ሰውዬ አፉን ሊከፍት ሲል አየሁት። ‹እህት ኧርሚን፣ ካንሰሩ እንዴት ነው?› ሊለኝ ነው። ድንች ልገዛ እንደመጣ ሰው ሆኜ ዞርኩ። ቤቴ ድንች ሞልቷል። ስንት ሴት ናት ከዚያ በር ድንች ይዛ የተመለሰችው መሰለሽ?»

እውነት ነው። የድንች ነጋዴዎቹ ያ ዓመት ጥሩ ነበር ይላሉ።

ሰኞ ጠዋት ሚስ ቬሮና ስብሰባ ጠሩ። ነገሩን ለሚስተር ባንክሮፍት ማን ይንገራቸው? ሁላችንም ጫማችንን አየን። በመጨረሻ ዶክተር ሊንዶ፣ ሰው ለሞተበት ሰው በሚነግሩበት ድምፅ፣ ነገሯቸው።

ሚስተር ባንክሮፍት ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔ? ሰላም በማለቴ?» አሉ። ከዚያም፣ «እናቴ ሰላም የማይል አፍ ይጠወልጋል ብላ ነው ያሳደገችኝ» አሉ። ሰውየው ጥፋት አልሠሩም። ጨዋ ነበሩ፤ ጨዋነታቸው ነበር ሴቶቹን የሚመልሰው።

ትእዛዙ ወጣ፤ ሴት ስትመጣ ፊትን ወደ ግድግዳ፣ አፍን መዝጋት።

ክቡራትና ክቡራን፣ ሰው ሲሰቃይ አይቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ዓይነት ግን አላየሁም። ሴት ባለፈች ቁጥር ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጉንጫቸው ይሞላል። ያጠራቀሙትን ሰላምታ የሚያወርዱበት ሲያጡ መንገድ ላይ ላለ ፍየል ሰላም ማለት ጀመሩ። አንድ ቀን ማንጎ የጫነውን የጭነት መኪና ስለ ቤተሰቡ ሲጠይቁት ሰምቻለሁ።

ሴቶቹስ? ሴቶቹ ተቀየሙ። እኛ ጋ ለመግባት ያልፈለጉት ጭምር፣ «ባንክሮፍት ምን አድርጌው ነው የኮራብኝ?» አሉ። አንዲት አሮጊት ለሚስ ቬሮና አቤት ሊሉ መጡ። ሌላው፣ ሚስተር ባንክሮፍት ወደ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ሊዛወሩ ነው ብሎ አስወራ።

ያኔ ነው ሚስ ፓንሲ ያዳኑን። የሚስ ፓንሲ መለኪያ ክፍልና የእኛ ዕቃ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ አሮጌ በር አለ፣ በልብስ መደርደሪያ የተሸፈነ። መደርደሪያውን ገፋነው። ከዚያ በኋላ ማንኛዋም ሴት «ቀሚስ ልለካ ነው» ብላ ከቤቷ ትወጣለች፤ ሚስ ፓንሲ መጋረጃውን ይስባሉ፤ ሴትየዋ በወዲያኛው በኩል ዶክተር ሊንዶ ፊት ትቀመጣለች።

መጡ። ወሯ ሲመጣ ከሥራ የምትቀረዋ የባንክ ገንዘብ ተቀባይ መጣች። ጋንጃ ከተባለ መንግሥት ልጆቼን ይወስድብኛል ብላ የምትፈራ እናት መጣች። ስማቸውን የማልጠራላችሁ፣ አሁን ግን በድንገት ሳህናቸውን አተኩረው ማየት የጀመሩ ሰዎችም መጡ።

ችግሩ፣ ከተማው በሙሉ ተለክቶ ማንም አዲስ ቀሚስ አለመልበሱ ነው። ባሎች «ልብሱ መቼ ነው የሚያልቀው?» ማለት ጀመሩ። ነገሩ ፓስተሩ ጆሮ ደረሰ። እሳቸውም እሑድ ጠዋት ስለ ከንቱ ጌጥ ሰበኩ። «እናንተ ሴቶች፣ መለካት አበዛችሁ፤ ነፍሳችሁን ለኩ» አሉ። ሚስ ፓንሲ መሐረባቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው አለቀሱ። ፓስተሩ የንስሐ እንባ መሰላቸው፤ ከሥርዓቱ በኋላ መጥተው አጽናኗቸው።

እህት ኧርሚንም በዚያው መጋረጃ በኩል መጡ። ዶክተር ሊንዶ ወንበር ስበው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ።

«ይሄ ዘይት ካንሰሩን አይነካውም፣» አሏቸው። «ሥሩንም አይነቅልም፣ ቅርንጫፉንም አይነካም። ማቅለሽለሹን ሊቀንስልዎ ይችላል፣ ያውም ከተስማማዎ። በጠብታ ነው የምንጀምረው፣ በማንኪያ አይደለም። የሆስፒታል ሐኪምዎ እንዲያውቅ እኔ ራሴ እደውልለታለሁ። መርፌውን ትቻለሁ ካሉኝ ግን አሁኑኑ በዚያ መጋረጃ ይመለሱና ቀሚስ ያሰፉ።»

«ዶልፊ ይነቅለዋል ብሎኝ ነበር።»

«ዶልፊ መኪናዬንም እጠግናለሁ ብሎኝ ነበር። እስከ ዛሬ ወደ ኋላ ብቻ ነው የምትሄደው።»

እህት ኧርሚን ሳቁ። ከዚያ አለቀሱ። ከዚያ ቀጠሯቸውን እንደገና አስያዙ።

መርፌውን ወስደው በመጡ በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ከመዘምራኑ አንዷ ሾርባ ይዛ ቆማለች። እህት ኧርሚን አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ሁላችንም ባልዲውን አየን። ሁለተኛ ቀመሱ። ሦስተኛ ቀመሱና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

«ይሄ ሾርባ ጨው የለውም፣» አሉ። «እስከ ዛሬ እንዲህ ነበር የምታመጡልኝ?»

ያቺ ሴት ሾርባዋ ስለተናቀባት እንደዚያ ስትደሰት ማየት ነበረባችሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ቀን ጥሩ ነበር ልላችሁ አልችልም። የማይበሉበት ቀን አለ፤ ጠብታው የማይረዳበት ቀን አለ። ግን ሕክምናው አልቆመም። ካባቸውም ቀስ በቀስ ሰው የለበሰው መሰለ።

እናም አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ብሎ በሞላበት ሰዓት፣ እህት ኧርሚን ከቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። በጸጉራቸው ፋንታ ሐምራዊ ሻሽ አሥረዋል። በሚስ ፓንሲ በር አላለፉም። መንገዱን ተሻግረው በቀጥታ ወደ አረንጓዴው በራችን መጡ።

ሚስተር ባንክሮፍት አዩዋቸው። እንደታዘዙት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እህት ኧርሚን ደረጃው ላይ ቆሙ። «ባንክሮፍት፣» አሉ፣ «አላወቅኸኝም?»

«አውቄዎታለሁ፣» አሉ ሚስተር ባንክሮፍት፣ ለግድግዳው።

«አብረን ትምህርት ቤት የሄድን ሰዎች አይደለንም? የእናትህን ቀብር አልዘመርኩም?»

«ዘምረዋል።»

«ታዲያ ለምንድን ነው ሌባ እንዳየ ሰው የምትዞርብኝ? ዙርና ሰላም በለኝ። በስሜ።»

ሚስተር ባንክሮፍት በመስኮቱ አዩኝ። እኔ ሚስ ቬሮናን አየሁ። ሚስ ቬሮና ዓይናቸውን ጨፍነው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሚስተር ባንክሮፍት ዞሩ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ለወራት የተጠራቀመ ሰላምታ ሲለቀቅ ምን እንደሚመስል እናንተ ነበራችሁ፣ ሰምታችኋል። «እንደምን አደሩ፣ እህት ኧርሚን ታሎክ! ጤናዎ እንዴት ነው?»

ሚዛኖች ቆሙ። ሰው ሁሉ ዞረ። እህት ኧርሚንም ወደ ገበያው ዞረው፣ ሰላሳ ሰው በሚመሩበት ድምፅ መለሱ።

«ካንሰር አለብኝ፣ ባንክሮፍት፤ ይሄንንማ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ያላወቃችሁት መድኃኒቴን ከዚህ እንደምወስድ ነው። ጠብታ ነው፣ ሐኪም ነው የሚያዘው፣ መርፌዬንም አልተውኩም። ቁርሴንም በልቻለሁ።»

ከዚያ ገቡ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ማን ናት? አንዲት ሽማግሌ ሴት፣ የቃሪያ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው፣ ቀሚሳቸውን አራግፈው፣ ወደ ደረጃችን መጡ። ሚስተር ባንክሮፍትም፣ አሁን ማን ያቆማቸዋል፣ «እንደምን አደሩ፣ ሚስ ሉርሊን! ልጅዎ ዶልፊ ደህና ነው?» አሏቸው።

«ደህና ነው፣» አሉ ሚስ ሉርሊን። «ጉልበቴን ግን ለሱ አልሰጥም።»

የሚስ ፓንሲን መጋረጃ አልዘጋነውም። ይሄንን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ጮክ ብሎ ሰላም መባል ለእህት ኧርሚን ክብር ነው፤ ልጆቿ እንዳይወሰዱባት ለምትፈራው እናት ግን አደጋ ነው። አንዷ ደፈረች ብለን ሌላዋን በግድ ደረጃ ላይ አናቆምም። ዛሬ ሚስተር ባንክሮፍት ሴት ስትመጣ መጀመሪያ ዓይኗን ያያሉ። ቀና ካለች ይጠሯታል። ካቀረቀረች ስለ አየሩ ያወራሉ፤ በለሆሳስ፣ ማለትም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ታዲያ ነገሩ እንዲህ ካማረ ለምን ትሄጃለሽ ትሉኛላችሁ። ሚስ ቬሮና ሳምንቱን ሙሉ ብለውኛል።

ዶልፊ ሥራ አልፈታማ። ሞተር ሳይክሉ አሁን ወደ ላይኞቹ ኮረብታዎች ነው የሚወጣው። አውቶቡስ በማይደርስበት፣ እኛ ጋ ለመምጣት የአንድ ቀን የእርሻ ሥራ መተው በሚያስፈልግበት፣ ብልቃጡ ግን በር ድረስ በሚመጣበት። እዚያም ሕክምናዋን ልታቆም የተነገራት ሴት ልትኖር ትችላለች፤ እዚያ ደግሞ ከፊት ለፊት ፎጣ አንገቱ ላይ አሥሮ የሚሮጥ ሐኪም የለም። ይሄንን ካሰብኩ ጀምሮ እግሬ አልቀመጥ አለ።

ወደነዚያ መንደሮች ሐኪምና ፋርማሲስት የሚያመላልስ ቫን ሊጀመር ነው፤ እዚያ ተቀጥሬአለሁ። ቫኑን ገና አላየሁትም። «ሞተሩ ላይ ትንሽ ሥራ ይቀራል» ብለውኛል። ከዚህ አነጋገር እንደተረዳሁት ሞተሩ ራሱ ይቀራል። ግን ይመጣል። ቃለ መጠይቁ ሲያልቅ ጥያቄ እንዳለኝ ጠየቁኝ፤ ስለ ሞተሩም አልጠየቅኩ፣ ስለ ደመወዙም አልጠየቅኩ። ስንት በር አለው አልኳቸው። ሁለት፣ አንድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ አሉኝ። በዚያው ፈረምኩ።

እንግዲህ መርቄአችሁ ልሂድ።

ሚስ ቬሮና፣ ፈቃድዎ ያለ ጭቅጭቅ ይታደስ፤ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ሰውም ከደጅዎ ይራቅ። ዶክተር ሊንዶ፣ መኪናዎ ወደ ፊት የምትሄድበትን ቀን ያሳየን። ሚስ ፓንሲ፣ የለኩት ሁሉ ተሰፍቶ ይለበስ። ዲያቆን ፊትዝሮይ፣ ዜማው ይገኝልዎ፤ ባይገኝም እንወድዎታለን።

እህት ኧርሚን፣ የመጨረሻው መርፌ የፊታችን ማክሰኞ ነው። በቀላሉ ይግባ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ውጤት ምን እንደሚል አናውቅም፤ እኔም የማላውቀውን አልናገርም፣ ለዚያማ ዶልፊ ይበቃል። ግን የሚዘመርለት ይሁን፤ ሾርባዎም ጨው አይጣ።

በየኮረብታው በጓሮ ፉጨት የምትጠብቅ ሴት ሁሉ፣ በስሟ የሚጠራት ሰው ይግጠማት፤ ስሟን መደበቅ ለምትሻው ደግሞ ዝም የሚልላት።

ሻንጣዬ ደጅ ነው፤ የምወጣውም በፊት በር ነው። ሚስተር ባንክሮፍት፣ እባክዎ ቀድመውኝ ይሂዱና ቦታዎን ይያዙ። ድንች ሻጮቹ ገና አልተበተኑም። ሙሉ ስሜን እርስዎ ያውቁታል።

እናቴ ደህና ናት። ግን ይጠይቁኝ።